የትኛውን በቆሎ ልግዛ፦ እርጥቡን ወይስ ማሳ ላይ የዘገየውን?

ሰላም ወገኖች፣ መርካቶ እህል በረንዳ ለወፍጮ ቤት በቆሎ እየገዛሁ ሁለት ጭነት ቀርቦልኛል።

አንዱ እንደደረሰ ታጭዶ የተፈለፈለ ነው፤ እርጥበቱ 18 በመቶ ስለሆነ በጆንያ ከቆየ ይግላል፣ ይሻግታል። ሌላው 13 በመቶ ደርቋል፤ ግን ማሳ ላይ ዘግይቶ ዝናብ መትቶታል፣ ነቀዝ የበሳውና ሮዝማ ሻጋታ የያዘ ፍሬ ይታይበታል። መድረቁ ሊያታልለን አይገባም፤ ማሳ ላይ የተፈጠረ ፉሞኒሲን (የሻጋታ መርዝ) በማድረቅም ሆነ በመፍጨት አይጠፋም።

ስለዚህ ወደ እርጥቡ አደላለሁ፣ ሸራ ላይ በስሱ አስጥቼ 13 ላደርሰው። ግቢው ጠባብ ነው፣ የጥቅምት ሰማይም አይታመንም። በስንት ቀን ካልደረቀ ነው አፍላቶክሲን የተባለው ሌላው የሻጋታ መርዝ የሚያሰጋው? ለምርመራስ ከ100 ኩንታል ስንት ኪሎ ናሙና ይበቃል? መርዙ ጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች ከአንድ ጆንያ የተዘገነ እፍኝ ዋጋ የለውም። እዚሁ መሃል ከተማ ማድረቂያ ማሽን የሚያከራይ የምታውቁ ጠቁሙኝ።