«ንዋየ ቅድሳት» ወይስ «ንዋየ ቅዱሳት»? ደግሞስ አንዱ ለብቻው ምን ይባላል?

ፊደል ወዳጅ፦
ሰላም ቤቶች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴን ይዤ አራዳ ጊዮርጊስ ሙዚየም ገባሁ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 እዚያው ሲነግሡ የለበሱትን ልብስ አየን። ከዚያ አንድ ጽና (የዕጣን ማጠኛ) ፊት ቆምኩ። አፉ ላይ የዕጣን ጥላሸት እንዳለ ነው። አስጎብኚው «ይህ ንዋየ ቅዱሳት…» ሲል እናቴ በጆሮዬ «ቅድሳት ነው» አለችኝ። ማን ልክ ነው? አንድ ጽና ለብቻውስ እንዲህ ይባላል?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እናትህ ልክ ናቸው። በግዕዝ «ንዋይ» ዘርፍ (የማን ወይም የምን እንደሆነ የሚናገር ስም) ሲይዝ «ንዋየ» ይላል። ቅድሳት ቅድስና ነው፤ የቅድስና ዕቃ ማለት ነው። ቅዱሳት ግን ቅጽል ነው። እሱን ከፈለግህ «ንዋያት ቅዱሳት» በል። ሁለቱን ማዳቀል አይሆንም። «ንዋየ ቅድሳቶች» የሚሉትንማ ተወኝ።

ሰዋስው፦
መምህር፣ «ንዋየ ኅሩይ»ንስ ምን ሊሉት ነው? ኅሩይም ቅጽል ነው። ቅዱስ ጳውሎስን በዚህ ስም ስንጠራው ኖረናል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በደንቡ «ንዋይ ኅሩይ» ነው። ልማድ ሌላ፣ አገባብ ሌላ።

አራዳዋ፦
እኔን የሚያሳዝነኝ ንዋይ ዛሬ ብር ብቻ መሆኑ ነው። መዋዕለ ንዋይ፣ ፍቅረ ንዋይ። ልጄ «ታዲያ የቅዱሳን ብር ነው?» ብላ ጠይቃኛለች።

ሰዋስው፦
ድሮም ገንዘብ ነው እኮ! ግን ገንዘብ ማለት ብር ሳይሆን የራስ የሆነ ነገር ነው። «ትሕትናን ገንዘቡ አደረገ» እንል የለ? የአፄ ሰይፈ አርዕድ ስመ መንግሥት ንዋየ ክርስቶስ ነበር። የክርስቶስ ገንዘብ፣ የእሱ የሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ጽና ተራ ዕቃ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር የተለየ ገንዘብ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ኧረ ዕቃ ነው! ጽዋው፣ ጻሕሉ፣ ዕርፈ መስቀሉ ዕቃ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የሚቀመጡበትም ዕቃ ቤት ይባላል። ንዋየ ክርስቶስም የክርስቶስ ዕቃ፣ ማደሪያው ማለት ነው። ይህን ቆሎ ለምኜ የተማርኩት ነው፤ ከመዝገበ ቃላት የለቀምኩት አይደለም።

ዘምሥራቅ፦
አንድ ነገር ልጨምር። «ዕቃ» ራሱ ከ«ዐቀበ» የወጣ ይመስለኛል። የሚጠበቅ ነገር ማለት ነው። ለዚህ ነው ጠባቂ የሚያስፈልገው።

ሰዋስው፦
በ የት ገባች?

ዘምሥራቅ፦
እየላላች ጠፋች። ሰብእ ሰው ሆኖ የለ?

ሰዋስው፦
እዚያ እኮ ው ቀርታለች፤ እዚህ ምን ቀረ?

ፊደል ወዳጅ፦
ብዙ ተማርኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ያ ጽና ለብቻው ንዋየ ቅድሳት ይባላል ወይስ አይባልም?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ቆይ ወንድሜ። መጀመሪያ ሰዋስው ንዋይ ዕቃ መሆኑን ይመን፣ ከዚያ ወደ ጽናህ እንመለሳለን።