ፖፑሌሽን ጄኔቲክስ ልውሰድ ወይስ የላቀ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ? (የባዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት)

የጫካ ቡና (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። መሠረታዊ ጄኔቲክስን፣ የሕዋስ ባዮሎጂንና ባዮስታቲስቲክስን አጠናቅቄ ወደ መጨረሻው ዓመት እየገባሁ ያለሁ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የትምህርት ክፍሉ ለመጪው ሴሚስተር ፖፑሌሽን ጄኔቲክስን (በአንድ ሕዝብ ወይም መንጋ ውስጥ የጂኖችን ስርጭት የሚያጠናውን) ወይም የላቀ ሞለኪዩላር ባዮሎጂን እንድንመርጥ ጠይቆናል። ሐሳቤ በሁለተኛ ዲግሪ የአገራችንን የጫካ ቡና የዘረመል ብዝኃነት ማጥናት ነው። በግቢያችን ያለው የፒ ሲ አር ማሽን (ዲ ኤን ኤን የሚያባዛው) አንድ ብቻ ስለሆነና ኬሚካሉም ብዙ ጊዜ ስለማይኖር፣ ሞለኪዩላሩን ብመርጥ ትምህርቱ በስላይድ ብቻ እንዳያልቅ እሰጋለሁ። በሌላ በኩል ፖፑሌሽን ጄኔቲክስን የወሰዱ ተማሪዎች ሒሳቡ እንደከበዳቸው ይናገራሉ። በመስኩ የሠራችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የጄኔቲክስ መምህር
እህቴ፣ ፖፑሌሽን ጄኔቲክስን ውሰጂ። ዲ ኤን ኤ ማውጣትንም ሆነ ፒ ሲ አር ማስኬድን ጥሩ አሠልጣኝ ያገኘ ሰው በሁለተኛ ዲግሪው ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል፤ በቁጥር ማሰብን ግን ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚያስተምርሽ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሒሳቡም በአብዛኛው አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ነው።

ከአንድ ጫካ የ100 ቡና ዛፎች ናሙና ወሰድሽ እንበል። እያንዳንዱ ዛፍ የአንድን ጂን ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ የጂኑን ሁለት ዓይነቶች (አሊሎች) ሀ እና ለ እንበላቸው። 50ዎቹ ሀሀ፣ 20ዎቹ ሀለ፣ 30ዎቹ ለለ ሆነው ተገኙ። ከ200ው የአሊል ቅጂዎች 120ው ሀ ስለሆኑ የሀ ድግግሞሽ 0.6፣ የለ ደግሞ 0.4 ይሆናል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሃርዲና ጀርመናዊው ሐኪም ዋይንበርግ በ1908 ለየብቻቸው ባሳዩት ሕግ መሠረት፣ ዛፎቹ እንዳገኙ የሚዳቀሉ ቢሆኑ ኖሮ 2 × 0.6 × 0.4፣ ማለትም 48ቱ ሀለ መሆን ነበረባቸው። የተገኙት ግን 20 ብቻ ናቸው። 20ን ለ48 አካፍለሽ ውጤቱን ከ1 ስትቀንሺ 0.58 ገደማ ታገኛለሽ፤ የጉድለቱ መጠን ይህ ነው። ቡና አረቢካ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ እንዲህ ያለ ጉድለት ይጠበቃል። ነገር ግን ሳይታወቅ ከሁለት የተራራቁ ጫካዎች የተሰበሰቡ ዛፎች በአንድ ናሙና ቢቀላቀሉም ተመሳሳይ ጉድለት ይታያል። ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የዚህ ኮርስ ትልቁ ፍሬ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለጫካ ቡና ጥበቃም ቢሆን መልሱ የሚያመጣው ልዩነት ከፍተኛ ነው።

ከቤተ ሙከራ
የመምህርን ምሳሌ ወድጄዋለሁ፤ በምክራቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቡና አረቢካ 44 ክሮሞሶሞች አሉት፤ ግማሾቹ ሮቡስታ ከምንለው ከካኔፎራ ወገን፣ ግማሾቹ ደግሞ ዩጂኒዮይደስ ከተባለው ዝርያ የመጡ ናቸው። ስለዚህ የመረጥሽው ፕራይመር (ፒ ሲ አሩ የትኛውን የዲ ኤን ኤ ክፍል እንደሚያባዛ የሚወስነው አጭር ቁራጭ) የሁለቱንም ወገን ጂን የሚያባዛ ከሆነ፣ ዛፉ በሁለቱም ወገን ንጹሕ ዘር ሆኖ ሳለ የተባዛው ዲ ኤን ኤ በመጠኑ በሚለይበት ጄል ላይ ሁለት መስመር ይታያል፤ ልምድ የሌለው ሰውም ሀለ ብሎ ይመዘግበዋል። ዛፎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ሀለ ሆነው ሲገኙ፣ ስሌቱ እንከን ሳይኖረው መደምደሚያው ከሥሩ የተሳሳተ ይሆናል። በጥቂት ሳምንታት የሚለመደው የእጅ ሥራው ነው፤ ያዩትን መስመር መጠራጠር ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ይህንንም የሚያስተምረው ሞለኪዩላሩ ነው።

የጫካ ቡና (ጠያቂ)
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የአረቢካን ክሮሞሶሞች ቁጥር አውቀው ነበር፤ በጄል ንባብ ላይ እንዲህ ያለ መዘዝ እንዳለው ግን አላሰብሁም። ሁለቱን ኮርሶች አንድ ላይ መመዝገብ አልተፈቀደልንም። ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን?

የጤፍ አዳቃይ
በፖፑሌሽን ጄኔቲክስ ተመዝገቢ፤ የሞለኪዩላሩን መምህር ደግሞ ያለ ውጤት ክፍል ገብተሽ እንድታዳምጪ ጠይቂያቸው። ብዙዎቹ አይከለክሉም። ለመመረቂያ ጥናትሽም ኬሚካል መጠበቅ የለብሽም፤ የአረቢካ የዘረመል ቅደም ተከተል በይፋዊ የመረጃ ቋቶች በነፃ ይገኛል፤ አር የተባለውም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ክፍያ የለውም። ኢንተርኔት ያለው አንድ ኮምፒውተር ይበቃሻል።

ከመመዝገብሽ በፊት ግን የኮርሱን ዝርዝር ተቀብለሽ በርካታ ጂኖች በጋራ ስለሚወስኗቸው ባሕርያት የሚያስተምር ምዕራፍ መኖሩን አረጋግጪ። እኔ በምሠራበት በጤፍ ዘንድ የምርት መጠን እንዲህ ያለ ባሕርይ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ዝርያ የተገኘው፣ ነጭ ፍሬው በገበያ የሚፈለገውን አንዱን ወላጅ ምርታማ ከሆነው ሌላ ወላጅ ጋር በማዳቀል ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን ከመሆኑም በላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚከፈት በመሆኑ፣ አዳቃዩ በዋዜማው በማጉያ መነጽር እያየ ወንዴ አካሎቹን ያስወግዳል፤ በማግስቱም ማለዳ ብናኙን ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ከብዙ መቶ ልጆች መካከል የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው ስታቲስቲክስ ነው። ስለ ቡናም ቢሆን የበሽታ መቋቋምንና ምርታማነትን አንድ ላይ ልታጠኚ ስትነሺ ያ ምዕራፍ ያስፈልግሻል። በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ መምህሩን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት እንዲጨምሩት አሁኑኑ ለምኚያቸው፤ ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ መርሐ ግብሩን መቀየር ይከብዳቸዋል።