ለጀማሪ የፊልምና የቪዲዮ ተማሪዎች የመጀመሪያ ሴሚስተር፦ ለትምህርት ክፍሉ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ ለትምህርት ክፍላችን የምናቀርበውን ሐሳብ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። ረቂቁ ጀማሪ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት በካሜራ ላይ ብቻ እንዲያሳልፉ፣ ማለትም ፎከስን፣ የሌንስ ምርጫንና ብርሃንን በተግባር እንዲለማመዱ፣ ድምፅና ኤዲቲንግ ከዚያ በኋላ እንዲከተሉ ይጠይቃል። ለግዥ የሚሆን ገንዘብ ከተገኘም አንድ ጥሩ ካሜራ እንዲገዛበት አስፍሬያለሁ። የማትስማሙበት ካለ ከነምክንያቱ ጻፉልኝ።

የአራተኛ ዓመት አባል፣ ከድምፅ ቡድን፦
ጸሐፊያችን ስለደከሙበት አመሰግናለሁ፤ ድምፅ ስምንት ሳምንት ይቆይ የሚለውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። በሁለተኛ ዓመቴ ከአንዲት አረጋዊት እናት ጋር ቃለ መጠይቅ ቀርጬ ነበር። መስኮት አጠገብ ስለተቀመጡ ብርሃኑ በአንድ ጉንጫቸው ላይ ለስለስ ብሎ ወድቆ ምስሉ እጅግ አምሮ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ግን ካሜራው ላይ የተሰካ ስለነበር ከአፋቸው ሁለት ሜትር ያህል ይርቃል። ኤዲቲንግ ልጀምር ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ከእሳቸው ድምፅ ይልቅ ጎልቶ የተሰማኝ በወዲያኛው ክፍል ያለማቋረጥ የሚያጉረመርመው ማቀዝቀዣ ነበር። ግማሹን መጣል ግድ ሆነብኝ፤ እሳቸውም ያንን ታሪክ ዳግመኛ በዚያው ስሜት ሊነግሩኝ አልቻሉም።

በገላጣ ቦታ የማይክሮፎን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ከተናጋሪው የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ በዙሪያው ያለው ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል። ተማሪው ይህን በመጀመሪያው ሳምንት በገዛ ጆሮው ሊሰማው ይገባል፦ አንዱ ይናገር፣ ሌላው ማይክሮፎኑን ከአንድ ስንዝር ወደ አንድ ክንድ፣ ከዚያም ወደ ሁለት ሜትር ያርቀው፣ ሦስተኛው በማዳመጫ ይከታተል። በየቀረጻው መጨረሻም ሁሉም ዝም ብለው የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለ30 ሴኮንድ መቅዳት ይልመዱ፤ በኋላ በንግግሮች መካከል የሚፈጠረው ክፍተት የሚሸፈነው በእርሱ ነውና።

የአንደኛ ዓመት አባል፦
አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ካሜራው አንድ ከሆነ የሚይዘው ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚያውቀው ተማሪ ነው፤ ሌሎቻችን ትራይፖድ እንደተሸከምን ሴሚስተሩ ያልቅብናል። የሥራ ድርሻ መፈራረቅ በግልጽ ይጻፍልን።

የሦስተኛ ዓመት አባል፣ ከኤዲቲንግ ቡድን፦
ኤዲቲንግም ወደ ኋላ ሊገፋ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1919 በሞስኮ በተቋቋመው የፊልም ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ሌቭ ኩሌሾቭ፣ ጥሬ ፊልም በጠፋበት በዚያ ዘመን፣ ተማሪዎቹ ትዕይንቱን በሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ በሚቀርጸው ክፍል፣ ከፋፍለው ያለ ፊልም በአካል እንዲያቀርቡ ያሠለጥናቸው ነበር። ስሙ ይበልጥ የሚነሳው ደግሞ የአንድ ተዋናይ ያው ፊት ከተለያዩ ምስሎች ጋር ሲቀጣጠል ተመልካቹ የተለያየ ስሜት ያነብበታል በሚለው ሙከራው ነው። ይህን ሙከራ እኛም በስልክ ካሜራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልንደግመው እንችላለን። እኔ እንደማምነው ተማሪ ምን መቅረጽ እንደነበረበት የሚገባው ሊቆርጥ ሲቀመጥ ነው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ካሜራው በመካከላቸው የሚታሰበውን መስመር ከተሻገረ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ይመስላሉ፤ መምህሩ ይህን አንድ ሰዓት ሙሉ ከሚያስረዳው ይልቅ ተማሪው ሁለቱን ሾቶች ራሱ አጋጥሞ ቢያያቸው ዳግመኛ አይሳሳትም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አሳምናችሁኛል፤ ረቂቁንም እንደሚከተለው ለውጬዋለሁ። ስለ ካሜራ ግን ሁለት ነገሮች እንዳይወጡ እጠይቃለሁ፦ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀረጽ ሹተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ ወደ 50ኛ የሴኮንድ ክፍል የሚጠጋበት ምክንያት፣ እንዲሁም 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ የአምፖል ብርሃንና 5600 ኬልቪን የሆነ የቀን ብርሃን በአንድ ፊት ላይ ሲገናኙ የሚፈጥሩት የቀለም ችግር።

«ማኅበሩ የሚጠይቀው አራት አራት ተማሪዎች ያሉባቸው ቡድኖች አንዲት የአንድ ደቂቃ የሁለት ሰዎች ንግግር በ12 ሳምንታት ውስጥ አራት ጊዜ እንዲሠሩ ነው። በየዙሩ አንዱ ሳምንት ለዝግጅት፣ ሁለተኛው ለቀረጻ፣ ሦስተኛው ለኤዲቲንግና ለጋራ ዕይታ ይውላል፤ ዳይሬክተርነቱ፣ ካሜራው፣ ድምፁና ኤዲቲንጉም በየዙሩ ይፈራረቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በስልክ ይቀረጻሉ፤ የግዥ ገንዘቡም በቅድሚያ ለማይክሮፎን፣ ለመያዣ ዘንግና ለጆሮ ማዳመጫ ይሁን። የተቀረጸው በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ሳይገለበጥ የሜሞሪ ካርድ አይደመሰስ።»

ያልተቋጨው የነጥብ አሰጣጡ ነው። እኔ ለቡድኑ ከሚሰጠው የጋራ ነጥብ በተጨማሪ እያንዳንዱ ተማሪ በየዙሩ ስለያዘው ድርሻ አንድ ገጽ ጽፎ ለብቻው እንዲታረምለት አስቤያለሁ። ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት በዚህ ላይ ያላችሁን አስተያየት እጠብቃለሁ።