ኦዲተር ላናግር ነው፣ ምን ብጠይቃት ይሻላል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ቤቶች። በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጁኒየር አካውንታንት ሆኜ እየሰራሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ቫውቸር ማደራጀት፣ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) ላይ ማስገባት፣ ወር ሲያልቅ ቫት ማሳወቅ። ስራው አይጠላም፣ ግን ልቤ ያለው ኦዲት ላይ ነው። የአክስቴ ጎረቤት ኦዲተር ናት፣ ሲኒየር ደርሳለች። አክስቴ ለምናልኝ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ልትሰጠኝ እሺ ብላለች። ቅጠሪኝ ልላት አይደለም፣ ስለ ስራው ልጠይቃት ብቻ ነው። እስካሁን የጻፍኩት ይሄን ነው፦ ኦዲት እንዴት ነው? ኦዲተር ለመሆን ምን ያስፈልጋል? ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፉ የአካውንታንቶች የሙያ ማረጋገጫ) ይሻላል ማስተርስ? ደሞዝ ስንት ነው? መልሼ ሳነበው ደረቅ ሆነብኝ። ደሞዝስ ይጠየቃል ወይስ ነውር ነው?

ቀይ_እስክሪብቶ፦
እኔ እዛው ሙያ ውስጥ ነኝ፣ ልጆችም እንዲህ እየመጡ ይጠይቁኛል። "ስራው እንዴት ነው" ካልሻት "ይመስገን፣ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይበዛል" ትልሻለች። አለቀ። ሰላምታ ጠይቀሽ የሰላምታ መልስ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ይልቅ የሆነ ነገር አስተርኪያት። "ባለፈው መስከረም የነበረሽን አንድ የስራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ንገሪኝ" በያት። መስከረም ያልኩት በምክንያት ነው። የብዙው ድርጅት ሂሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለበት፣ ስለዚህ ክሊያንቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚጮህብሽ። ስለ ቆጠራም ጠይቂያት። ሰኔ መጨረሻ ላይ መጋዘን ገብተሽ፣ መዝገቡ 400 ካርቶን እያለ መሬት ላይ ያለው 380 ሲሆንና ስቶር ኪፐሩ ፊቱን ሲያጠቁርብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሰነድ አልሰጥም ያለ ሂሳብ ሹም ገጥሟት እንደሆነስ? ግማሽ ሰዓቱ በዚህ ብቻ ቢያልቅ እንኳ አትቆጪ። የክሊያንት ስም ግን እንዳትጠይቂ። ሚስጥር ነው፣ ብትነግርሽም እኔ እሷን እጠረጥራለሁ 😄

"ምን ያስፈልጋል" የሚለውን ሰርዢው። እሱ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁን፣ 847/2006ን፣ አውርደሽ አንብቢ። የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ምን እንደሚሰራ እዛው ታገኚዋለሽ። ኤሲሲኤም 13 ፈተና እንዳለው፣ በዲግሪሽ የሚቀነስልሽ ሊኖር እንደሚችል፣ 3 ዓመት የስራ ልምድም እንደሚጠይቅ ድረ ገጹ ላይ አለ። ይሄን ልትሰሚ ቅዳሜዋን አትውሰጂባት። አንብበሽ ከሄድሽ በኋላ ግን ጥያቄሽ ራሱ ይቀየራል። የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ፈተና ልክ ስራው በሚጦፍበት ሰሞን ነው የሚወድቀው። "እሱን ዙር ትቀመጪ ነበር ወይስ ትዘይው ነበር? ድርጅቱስ የጥናት ፈቃድ ይሰጣል?" ብለሽ ጠይቂ። የቱም ድረ ገጽ ላይ አታገኚውም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ የተለመደ ነገር ነው። የማታውቂው ሰው ሊንክድኢን ላይ ይጽፍልሽና ሀያ ደቂቃ ስጪኝ ይልሻል። እኔ የምወደው ጥያቄ "አብረውሽ የጀመሩት ልጆች አሁን የት ናቸው?" የሚለው ነው። ባንክ ገቡ? ኤንጂኦ? የአንድ ድርጅት የውስጥ ኦዲት? ወይስ ሙያውን ጥለው ሱቅ ከፈቱ? ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ ይቆጠባል፣ ስለ ጓደኞቹ ሲሆን ግን እውነቱን ያወጣዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ሌላ ማንን ባናግር ይሻላል?" በያት። ከተቻለ ኦዲትን ትቶ የወጣ ሰው ታገናኝሽ። ሲቪሽን ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው፣ ካልጠየቀችሽ አታውጪው።

ነገሩ_እንዲህ_ነው፦
ይቅርታ ግን ጥያቄ ምን ያደርጋል? ሰው ካለሽ ትገቢያለሽ፣ ከሌለሽ የለሽም። አክስትሽ አንዴ ስልክ ብትመታልሽ ይበልጣል።

ቀይ_እስክሪብቶ፦
@ነገሩ_እንዲህ_ነው መግባቱን ሰው ሊያስገባት ይችላል ወንድሜ። መስከረም ላይ ከምሽቱ ሶስት ሰዓት ክሊያንት ቢሮ ቁጭ ብላ ትራያል ባላንስ (የሂሳቦቹን ሚዛን ዝርዝር) ስታስታርቅ አክስቷ አትደርስላትም። ስራውን ትፈልገው እንደሆነ ቀድማ ማወቋ ምን ይጎዳታል?

የቡና_ሂሳብ፦
ስለ ደሞዝ ማንም አልመለሰልሽም። ይጠየቃል፣ ግን "ደሞዝሽ ስንት ነው" ተብሎ አይደለም። "ጀማሪ ኦዲተር አዲስ አበባ ላይ ከስንት እስከ ስንት ያገኛል? ፊልድ ሲወጣስ አበል አለው?" በያት። ያንንም ወሬው ከሞቀ በኋላ። በነገራችን ላይ እዚህ ሁሉም "በያት" እያለ ነው፣ አንቺ ግን "እርስዎ" ብለሽ ጀምሪ፣ "ኧረ አንቺ በይኝ" እስክትልሽ ድረስ። የቡናውን ሂሳብ አንቺ ክፈይ። ኧረ እኔ ልክፈል ብላ ስትግደረደር ቀድመሽ ለአስተናጋጁ ስጪው። ጥያቄዎቹን ስልክሽ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ስልክ እየነካካሽ ከሆነ ቴሌግራም ላይ ያለሽ ነው የሚመስላት።

ጀማሪዋ፦
ኧረ ተባረኩ! አዋጁን አውርጄዋለሁ። ከድሮዎቹ ያቆየሁት የኤሲሲኤውንና የደሞዙን ብቻ ነው፣ የኤሲሲኤውንም ወደ ሴፕቴምበሩ ፈተና ቀይሬዋለሁ። ቆጠራው፣ አብረዋት የጀመሩት፣ ደሞዙ መጨረሻ ላይ። አንድ የምፈራው ጥያቄ አለኝ። ክፍለ ሀገር ፊልድ ሲኖር ሴት ብቻዋን ትላካለች? ማደሪያውንስ ማን ነው የሚይዘው? እናቴ ይሄን ሳታውቅ እሺ አትለኝም። ፈሪ ናት ብትለኝስ?

ቀይ_እስክሪብቶ፦
አትልሽም። እሷም ጁኒየር ሆና ወጥታለች፣ ከማናችንም በላይ የምታውቀው ይሄንን ነው። እንደውም ከቆጠራው ቀጥሎ አድርጊው፣ ወደ መጨረሻ ካቆየሽው ሰዓቱ ያልቅብሻል። የመጀመሪያ ፊልዷ የት እንደነበረ ጠይቂያት፣ ማደሪያው እዛው ውስጥ ይመጣል።