ወደ ቆቦ ልመለስ ወይስ ልቆይ? የአገር ቤቱን ሁኔታ በትክክል የሚነግረኝ ማን ነው?

ጥያቄ፦ የቆቦ ልጅ (ካኩማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኬንያ፣ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ነው ያለሁት፣ ከሁለት ልጆቼ ጋር። ከቆቦ የወጣሁት ነሐሴ 2014 ከተማዋ እንደገና ስትያዝ ነው። ትንሹ ልጄ እዚሁ ነው የተወለደው። ራሽኑ ከተቀነሰ ወዲህ ኑሮው በጣም ከብዶኛል፤ ስለዚህ ለመመለስ እያሰብኩ ነው።

ግን ማንን ልመን? እናቴ ጋ ስደውል «ሰላም ነው፣ ደህና ነን» ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ለብቻው ደውሎ «እንዳትሞክሪው» ይለኛል። ቲክቶክ ላይ አንዱ «ሁሉም ተረጋግቷል» ይላል፣ ሌላው «ከተማው በእጃችን ነው» ይላል።

ባለፈው እሑድ ከእናቴ ጋር እያወራን የግቢው በር ሲቀረቀር ሰማሁ። ገና ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አልሆነም። «ምነው በጊዜ ዘጋሽ?» ስላት «ንፋስ ነው ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የት ላንብብ? ማንን ልጠይቅ? ደግሞስ ዩኤንኤችሲአር (የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት) ቢሮ ሄጄ ስለ መመለስ ብጠይቅ የስደተኝነት ፋይሌን ይዘጉብኛል?

መልስ፦ ከሱዳን ተመላሽ (ደሴ)

እህቴ፣ እናትሽ አልዋሸችሽም። ናፍቀሻታል፤ በስልክ ብዙ ማውራትም ትፈራ ይሆናል። የእኛ ሰው ደህንነቱን ሲጠይቁት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል እንጂ መከራውን አይዘረዝርም። ስለዚህ ጥያቄሽን ቀይሪው።

እኔ ገዳሪፍ ነበርኩ። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር መመለስ ግድ ሆነብኝ። ወንድሜን «አገር ሰላም ነው?» አልኩት። «ሰላም ነው፣ ና» አለኝ። በዚያን ሰሞን እውነቱን ነበር። እኔ ግን መተማ የደረስኩት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድም ኢንተርኔትም ተዘጋ። የአንድ ቀን መንገድ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በእጄ የነበረው ብር በምግብና በአልጋ አለቀ።

ዛሬ ብሆን እንዲህ ነበር የምጠይቀው። ከወልዲያ ቆቦ ሚኒባስ በየቀኑ ይወጣል? ታሪፉ ስንት ነው? የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት ይነሳል? መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ያስወርዳሉ? ገበያው እስከ ማታ ይውላል ወይስ ረፋድ ላይ ይበተናል? ባንክ የጠየቁትን ያህል ብር ይሰጣል? ልጆቹ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ተማሩ? ማታ ምጥ የያዛት ሴት በምን ትሄዳለች?

እነዚህን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎችን ጠይቂ። አንድ ሹፌር፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ አስተማሪ ብታገኚ ጥሩ ነው። መልሳቸው ሲገጥም እመኚው። በየሁለት ሳምንቱ ደግመሽ ጠይቂና በደብተር ጻፊው። የአንድ ቀን ወሬ ምንም አይነግርሽም፣ የሦስት ወሩን ስታዪ ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይገባሻል።

አደራ፣ በስልክ ስለ ታጣቂ፣ ማን የት እንዳለ አትጠይቂ። እነሱን ችግር ውስጥ ትከቻቸዋለሽ። የጤፍና የማሽላ ዋጋ፣ የመኪና ሰዓት ብቻውን ብዙ ይናገራል።

መልስ፦ አስተርጓሚዋ (ናይሮቢ)

ስለ ፋይልሽ ልመልስልሽ። ሄደሽ መረጃ ስለጠየቅሽ ብቻ ስደተኝነትሽ አይነሳም። መረጃ ማግኘት መብትሽ ነው። በፈቃደኝነት የመመለሻ ቅጹን የምትሞይው ከወሰንሽ በኋላ ነው። ከሞላሽውም በኋላ ከመሄድሽ በፊት ሐሳብሽን ብትቀይሪ ማንም አያስገድድሽም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ያጸደቀው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 5 ማንም ስደተኛ ያለ ፈቃዱ እንዳይመለስ ይከለክላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዩኤንኤችሲአር መመለስን በሁለት መንገድ ነው የሚያየው። አንደኛው፣ አገሩ ለመመለስ ምቹ ሆኗል ብሎ ራሱ ሲያበረታታ ነው። ሁለተኛው፣ አገሩ ገና ባይረጋጋም ስደተኛው በራሱ ሲወስን ማገዝ ነው። ስለዚህ «እገሌን ዩኤንኤችሲአር መለሰው» ሲሉሽ አገሩ ደህና ሆነ ማለት አይደለም። ቢሮው ስትሄጂ ፊት ለፊት ጠይቂያቸው፦ «ወደ ሰሜን ወሎ መመለስን ታበረታታላችሁ ወይስ የጠየቀውን ብቻ ነው የምትረዱት?» ቀጥለሽ ደግሞ «ቆቦ ድረስ የሚከታተለኝ ሰው አላችሁ?» በይ።

ሌላው ኤምባሲ ነው። ፓስፖርት ወይም ሊሴ ፓሴ (ፓስፖርት ለሌለው የሚሰጥ የመጓጓዣ ሰነድ) ለማውጣት ከመሄድሽ በፊት የሕግ ሰው አማክሪ። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት በፈቃድሽ የአገርሽን መንግሥት ጥበቃ መልሰሽ ከያዝሽ ስደተኝነትሽ ሊቋረጥ ይችላል። በራስሽ በሞያሌ ሾልከሽ «አይቼ ልምጣ» ማለትም እንደዚያው አደጋ አለው። ሄዶ አይቶ መምጣት የሚባል አሠራር አለ፤ ግን በዩኤንኤችሲአርና በመንግሥታቱ በኩል ሲዘጋጅ ነው እንጂ በግል አይደለም። ናይሮቢ ያሉት ሬፊዩጂ ኮንሰርቲየም ኦፍ ኬንያና ኪቱዎ ቻ ሼሪያ የሕግ ምክር በነጻ ይሰጣሉ። «እኔ አስመልስሻለሁ» ለሚል ደላላ አምስት ሽልንግ እንዳትሰጪ።

መልስ፦ አንባቢው (ሜሪላንድ)

የጥገኝነት ጉዳይ ያለባቸውን ሰዎች በትርጉም ስለምረዳ እነዚህን ሰነዶች ሁልጊዜ አገላብጣለሁ። ኢኮይ ዶት ኔት የሚባል አለ፤ የኦስትሪያ ቀይ መስቀል ክፍል ነው የሚያዘጋጀው። ስለየአገሩ የወጡ ሪፖርቶችን አንድ ላይ ይሰበስባል፣ ፍለጋውም ነጻ ነው። የዩኤንኤችሲአሩ ሬፍወርልድም ተመሳሳይ ነው። ለመፈናቀልና ለእርዳታ ሁኔታ ሪሊፍዌብን፣ ለምግብ እጥረት ፊውስ ኔትን እይ። በአማርኛ ከፈለግሽ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መግለጫዎች አሉ፤ ቦታውንና ወሩን ጠቅሰው ይጽፋሉ። ኢሰመጉንም (የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን) ጨምሪበት።

ስታነቢ የሽፋኑን ቀን አትመኚ። በዚህ ዓመት የወጣ ሪፖርት ውስጡ የሁለት ዓመት ወሬ ሊሆን ይችላል። ከገጹ ግርጌ ያለውን ማስታወሻ አይተሽ ምንጩ መቼ እንደተናገረ አረጋግጪ። ከዚያ «ቆቦ» የሚለውን ቃል ፈልጊ። «አማራ ክልል» ተብሎ በጅምላ የተጻፈ ለአንቺ ብዙም አይጠቅምሽም፤ ባሕር ዳር ሌላ፣ ራያ ሌላ ነው።

ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ስታዪ ቶሎ አትደንግጪ፣ ቶሎም አትደሰቺ። ከቪዲዮው አንድ ምስል ቆርጠሽ በጉግል ሌንስ ፈልጊው። የ2014ቱ ጦርነት ምስል ስንት ጊዜ «ዛሬ ጠዋት» ተብሎ ሲለጠፍ አይቻለሁ። ኢትዮጵያ ቼክም እንዲህ ያሉትን በአማርኛ ያጣራል።

መልስ፦ የወልዲያው መምህር

እኔ ትንሽ ልለይ። ሪፖርት የሞተና የተፈናቀለ ይቆጥራል፤ የሚኖረውን ሰው አይቆጥርም። እኔ ዛሬ 43 ልጆች አስተምሬ ነው የመጣሁት። አምና ግን ለወራት በሩ ተዘግቶ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። እህቴ፣ ሪፖርት ብቻ ካነበብሽ መቼም አትመለሺም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽ እዚያ አርፈሽ ቆቦን በቅርብ ብታዪው ምን ይመስልሻል?

ከሱዳን ተመላሽ (ደሴ)

መምህር፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የደሴ ቤት ኪራይ ግን ከሁለት ልጅ ጋር አይቀመስም። ሥራ ሳይኖር እዚህ መጠበቅ ከካኩማው አይሻልም። ዘመድ ካለ ብቻ ነው የሚሆነው።

መልስ፦ እማማ (ካኩማ 3)

ልጄ፣ መሄድሽ ባይታወቅም ወረቀትሽን ከአሁኑ ሰብስቢ። የትንሹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርዳቸውን፣ የትልቁን የትምህርት ውጤት ማኅተም ያለበት። እዚህ የሚማሩት በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ስለሆነ ስንተኛ ክፍል እንደሚገባ አስቀድመሽ መምህሩን ጠይቂ። አገር ቤት ባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ይጠይቁሻል።

ገንዘቡንም በድሮው እንዳታሰዪው። አንቺ ስትወጪ ዶላር በባንክ ከ60 ብር በታች ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ100 አልፏል። ያኔ ለስድስት ወር ይበቃ የነበረ አሁን ስንት ወር እንደሚያቆይሽ ከእናትሽ ጋር በዘይትና በጤፍ አስሉት።

የቆቦ ልጅ (ካኩማ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ትናንት ደብተሬን ይዤ ደወልኩ። እናቴ መጀመሪያ «ምን ሆነሻል፣ ምርመራ ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ አንድ በአንድ መለሰችልኝ። ሚኒባስ አለ፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን ሹፌሮች አይነሱም። ገበያው ሞቅ ይላል። ባንክ ይከፍታል፣ ገንዘብ ግን በቁና አይሰጥም። ትምህርት ቤቱ በዚህ ሳምንት አራት ቀን ነው ያስተማረው።

የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቃት ዝም አለች። ማታ ምጥ የያዛት ሴት በምን ትሄዳለች?

«እስኪነጋ ትጠብቃለቻ» አለችኝ።

የዩኤንኤችሲአር ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። አስተርጓሚዋ ያለችኝን ሁለት ጥያቄ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። መምህር፣ ለትልቁ ልጄ ክፍል በውስጥ እጽፍልሃለሁ፤ አራተኛ ክፍል ነው።