ለአባይ ቁልቁለት የትኛውን ቱቡላር የብስክሌት ጎማ ልምረጥ?

በብስክሌት የምለማመደው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ ሲሆን፣ በየሳምንቱ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርጄ እመለሳለሁ። ቸርኬዎቼ አሉሚኒየም ናቸው፤ ፍሬኑም የሚይዘው ራሱን ቸርኬውን ነው፤ ክብደቴ 68 ኪሎ ነው።

ባለፈው ወር 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቡላር (ከመነዳሪው ውስጡ ተሰፍቶ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ የሚለጠፍ ጎማ) ማስቲሹን ሁለት ጊዜ በስሱ ቀብቼ ለጥፌ፣ 24 ሰዓት አቆይቼ፣ በ8 ባር የአየር ግፊት ነፍቼ ወረድሁ። ከረጅም ፍሬን በኋላ ቆሜ ስዳስሰው ቸርኬው እጅ ያቃጥላል፤ የኋላው ጎማ ጣት ያህል ዞሮ ቫልቩ ተጋድሟል፤ ጠርዙን ሳነሣው ማስቲሹ እንደ ማር ይሳባል። አሮጌውን ማስቲሽ ጨርሼ ልጬ እንደገና ብለጥፈውም በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሆነ። በዚያ ገደል ላይ ጎማ ከቸርኬ ቢወጣ መትረፊያ የለምና መውረዱን አቁሜያለሁ።

አሁን ከውጭ የሚመጣ ዘመዴ አንድ ጥንድ ጎማ ብቻ ሊያመጣልኝ ነው። ቪቶሪያ ኮርሳ የጥጥ አካሉ መንገዱን በልስላሴ ቢይዝም የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ከመነዳሪው በየዕለቱ መነፋት ይፈልጋል፤ ኮንቲኔንታል ኮምፒቲሽን ደግሞ አየር የሚይዝ የቡቲል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ከመነዳሪና ከመርገጫው ሥር መበሳትን የሚከላከል የቬክትራን (ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር) ንጣፍ አለው። ሁለቱንም በአሉሚኒየም ቸርኬ ለጥፋችሁ ረጅም ቁልቁለት የወረዳችሁ፣ በ25 ሚሊ ሜትር ስፋት ቸርኬው ሲግል ሳይዞር የጸናላችሁ የትኛው ነው?