ክሌም ካምፓኒ ያልጠበቃችሁትን ክፍያ ሲጠይቅ (ዩኬ)

የሌስተሯ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጥያቄው ዩኬ ላላችሁ ነው። የመክፈል አቅሜ ሳይጣራ ስለተሰጠኝ ብድር ካሳ እንዲጠይቅልኝ ለአንድ ክሌም ካምፓኒ (በሰው ስም ካሳ ጠይቆ ክፍያ የሚወስድ ድርጅት) በስልክ ሊንክ ፈረምኩለት። አበዳሪው 1,100 ፓውንድ ካሳ ወሰነ፤ ነገር ግን 700ውን በውዝፍ ዕዳ አቻችሎ ባንክ ያስገባው 400 ብቻ ነው። አሁን ካምፓኒው 396 ፓውንድ በ14 ቀን ካልተከፈለ ለዕዳ ሰብሳቢ እሰጣለሁ ይላል። ከ400 ላይ 396? ሕጋዊ ነው? መክፈል ነው ወይስ ዝም ማለት?

ሒሳብ በልኩ፦
እህቴ፣ ሁለቱም አይደለም። ቶሎ መክፈልም ዝም ማለትም ያስከፍልሻል። በመጀመሪያ 396 ከየት እንደመጣ እንይ፤ ከሜዳ የተነሳ ቁጥር አይደለም። የ1,100 ፓውንድ 30 በመቶ 330 ነው። 20 በመቶ ቫት፣ ማለትም 66፣ ሲጨመርበት 396 ይሆናል። ስሌቱን የሠሩት እጅሽ በገባው 400 ላይ ሳይሆን በተወሰነው ሙሉ ካሳ ላይ ነው።

ከማርች 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለሚፈረሙ የፋይናንስ ካሳ ውሎች ተቆጣጣሪው ኤፍሲኤ የክፍያ ጣሪያ አለው። ካሳው እስከ 1,499 ፓውንድ ከሆነ ክፍያው ከ30 በመቶም ከ420 ፓውንድም መብለጥ የለበትም። ከ1,500 እስከ 9,999 ላለው 28 በመቶና 2,500 ፓውንድ፣ ከ10,000 እስከ 24,999 ላለው 25 በመቶና 5,000፣ ከ25,000 እስከ 49,999 ላለው 20 በመቶና 7,500፣ ከዚያ በላይ ላለው 15 በመቶና 10,000 ነው። ቫት ከነዚህ ቁጥሮች ውጭ ነው፤ «36 በመቶ» የሚል ማስታወቂያ የምታዩት ለዚህ ነው፣ 30 በመቶ ከነቫቱ ማለት ነው። በመቶኛውና የገንዘብ ጣሪያው አብረው ስለሚሠሩ ዝቅተኛው ይገዛል። 9,000 ፓውንድ ካሳ ላይ 28 በመቶ 2,520 ይመጣል፤ ከ2,500 ማለፍ ስለማይቻል ከነቫቱ 3,000 ፓውንድ ነው። 3,024 የሚል ኢንቮይስ ከመጣ ሃያ አራቱን ፓውንድ የመጠየቅ መብት የላቸውም።

ስለዚህ ያንቺው ኢንቮይስ ከጣሪያው አላለፈም። «በዛ» ብቻ ብለሽ ብትከራከሪ አያዋጣም። ክርክሩ ሌላ ቦታ ነው።

ውል አንባቢ፦
ክርክሩ ያለው ከፊርማው በፊት ምን ተነገረ በሚለው ላይ ነው። ካምፓኒው ከማስፈረሙ በፊት አጭር የአንድ ገጽ ማጠቃለያ መስጠት ግዴታው ነው። እዚያ ላይ የሚሠራው ሥራ፣ ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ በፓውንድ ከተሰላ ምሳሌ ጋር፣ እንዲሁም ያለ እነሱ ራስሽ አበዳሪው ጋ ከዚያም ኦምቡድስማን (እንባ ጠባቂ) ጋ በነጻ ማመልከት እንደምትችዪ መጻፍ አለበት። አበዳሪው ጋ ዕዳ ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ካሳው በዕዳው ሊቻቻል እንደሚችልና የካምፓኒውን ክፍያ ከራሱ ኪስ ሊያወጣ እንደሚችል በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ያንቺ ጉዳይ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በደማቁ ተጽፎ ፈርመሽበት ከሆነ ኦምቡድስማኑ ክፍያውን ትክክል ነው ሊል ይችላል፤ በደንበኝነት ውሉ 11ኛ ገጽ ላይ በአንድ ሐረግ ተሸጉጦ ከሆነ ግን ጥሩ መከራከሪያ አለሽ። የ2015ቱ የኮንሱመር ራይትስ አክት የውል ቃል ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ሐረግ ካለም ለደንበኛው የሚመቸው ትርጉም ይወሰዳል። «ካሳ» የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ እንዴት እንደተተረጎመ አይተሽ አምጪልን። «ለደንበኛው የተከፈለ ገንዘብ» ይላል ወይስ «የተቻቻለውን ጨምሮ»? በ400 ላይ ቢሰላ 120 እና ቫት፣ 144 ፓውንድ ነበር የሚሆነው። የሁለቱ ልዩነት 252 ፓውንድ ነው።

ሌላም የሚታይ አለ። ከጁላይ 31 ቀን 2023 ጀምሮ ኮንሱመር ዱቲ የሚባለው ደንብ ክሌም ካምፓኒዎችንም ይመለከታል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ዋጋ ከሚያገኘው ጥቅም ጋር እንዲመጣጠን ይጠይቃል። ካሳ ተወስኖለት አራት ፓውንድ የተረፈው ደንበኛ ስላገኘው ጥቅም ካምፓኒው በጽሑፍ ያስረዳ።

ወረቀት ሰብሳቢ፦
ከመጻፍሽ በፊት ወረቀቱን በእጅሽ አድርጊ። ሁለት ቦታ ጠይቂ።

አንደኛ አበዳሪው። የመጨረሻ ውሳኔ ደብዳቤው ላይ ካሳው ተከፋፍሎ ይገኛል፤ የተመለሰ ወለድ፣ በላዩ የታሰበ የካሳ ወለድ፣ ከዚህ የካሳ ወለድ ላይ የተቀነሰ ታክስ፣ በዕዳ የተቻቻለ። ኢንቮይሱን ከዚህ ጋር በመስመር በመስመር አስተያዪው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስህተት እዚህ ነው፤ ካምፓኒው ያልሠራበት ሌላ ብድር ተደምሮ ይገኛል፣ ወይም ደብዳቤው ራሱ ለካምፓኒው ከመፈረምሽ በፊት ቅሬታ ቀርቦ እንደነበር ያሳያል።

ሁለተኛ ካምፓኒው ራሱ። በዩኬ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ስለ አንቺ የያዘውን ሁሉ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ጊዜውም አንድ ወር ነው። በኢሜይል «ሰብጀክት አክሰስ ሪኩዌስት» ብለሽ ጻፊና በስም ዘርዝሪ፤ ማጠቃለያው ገጽና የተላከበት ሰዓት፣ የተፈረመው ውል፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማው መዝገብ፣ የስልክ ቅጂዎች፣ ለአበዳሪው የላኩት ደብዳቤ በሙሉ፣ በጉዳዩ ላይ የሠሩት ሥራ ዝርዝር። «ፋይሌን ላኩልኝ» ብቻ ብትዪ ውሉን ብቻ ልከው ይገላገላሉ። የስልክ ቅጂው ነው ወርቁ፤ ሻጩ «ካላሸነፍን አትከፍዪም፣ ካሸነፍን ከካሳው ላይ ነው የምንወስደው» ብሎ ከሆነ፣ ከኪስ መክፈል እንዳለ አልተነገረሽም ማለት ነው።

ሒሳብ በልኩ፦
በነገራችን ላይ ከካሳ ወለዱ ላይ የተቀነሰው ታክስ 20 በመቶ ነው። ገቢሽ በመደበኛው እርከን ከሆነና የዓመቱ የቁጠባ ወለድሽ ከ1,000 ፓውንድ ካልበለጠ፣ አር40 በሚባለው ፎርም ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ኤችኤምአርሲ ታስመልሺዋለሽ፤ ወደኋላ አራት የታክስ ዓመት ድረስ ይሆናል። ይህንንም «እናስመልስልዎ» እያሉ ክፍያ የሚቆርጡ አሉ። ፎርሙ ነጻ ነው፣ የሚሞላውም ከአበዳሪው ደብዳቤ ላይ ባሉት ቁጥሮች ነው።

ሰሜን ለንደን፦
አሁን ስለ አቤቱታው። ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ «ኮምፕሌይንት» የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይ አስቀምጪው። ጥያቄ አስመስለሽ ከጻፍሽ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ሲያመላልስሽ ይከርማል። ይዘቱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፦

«ይህ ቅሬታ ነው። በኢንቮይስ ቁጥር እንዲህ የተጠየቀውን 396 ፓውንድ እቃወማለሁ። ካሳው በዕዳ ቢቻቻል ክፍያውን ከራሴ ገንዘብ እንደምከፍል ከመፈረሜ በፊት በግልጽ አልተነገረኝም። ተነግሮሻል የምትሉ ከሆነ የተላከበትን ሰነድና ቀን አሳዩኝ። ኢንቮይሱ በተከፈለኝ 400 ፓውንድ ላይ ተሰልቶ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። ቅሬታው እስኪያበቃ ድረስ ክፍያ መጠየቅ እንድታቆሙና ለሦስተኛ ወገን እንዳታስተላልፉ እጠይቃለሁ።»

የምትፈልጊውን ውጤት በቁጥር መጻፍሽ ይጠቅማል፤ «ፍትሕ እፈልጋለሁ» ለሚል ደብዳቤ የሚመጣው መልስ ይቅርታና ያው ኢንቮይስ ነው።

ካምፓኒው የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። መልሱ ካላረካሽ ወይም 8 ሳምንቱ ካለፈ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ ትሄጃለሽ። የመጨረሻ መልስ ከተሰጠሽ በኋላ ያለሽ ጊዜ 6 ወር ብቻ ነው፤ ቀኑን መልሱ በደረሰሽ ዕለት መዝግቢው። ለአንቺ ነጻ ነው፣ ጠበቃም ሌላ ክሌም ካምፓኒም አያስፈልግም (ክሌም ካምፓኒን ለመክሰስ ክሌም ካምፓኒ መቅጠር ራሱ ሌላ ቀልድ ነው)። አስተርጓሚ ካስፈለገ ስታመለክቺ ንገሪያቸው፣ ያመቻቻሉ። ኦምቡድስማኑ ክፍያው እንዲቀነስ፣ እንዲሰረዝ፣ የተከፈለ እንዲመለስ ወይም ለደረሰው እንግልት ካሳ እንዲጨመር ሊያዝ ይችላል። ውሳኔውን አንቺ ከተቀበልሽው ካምፓኒው ይገደድበታል።

ከኤፕሪል 1 ቀን 2019 በፊት እነዚህን ካምፓኒዎች የሚቆጣጠረው ሌላ አካል ነበር፤ ድሮ የተጻፈ ምክር ወደ ሊጋል ኦምቡድስማን ሂዱ የሚለው ለዚህ ነው።

ውል አንባቢ፦
አንድ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ። ኢንቮይሱ ግርጌ የሚጻፈውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቢ። የሕግ ቢሮ ሆኖ በኤስአርኤ (የጠበቆች ተቆጣጣሪ) የሚተዳደር ከሆነ መንገዱ ዛሬም ሊጋል ኦምቡድስማን ነው። በኤፍሲኤ ፈቃድ ያለው ከሆነ ቁጥሩን በፋይናንሻል ሰርቪስስ ሬጅስተር ላይ አመሳክሪ፤ ስሙ ብቻ ሳይሆን አድራሻውና ኢሜይሉም መግጠም አለባቸው። በሌላ ካምፓኒ ስም የውሸት ኢንቮይስ የሚልኩም አሉ።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ላስገባ። ለእኔ የመጣው ካሳ ሳይገኝ ነው። ውሉን ላቋርጥ ስል «የማቋረጫ 250 ፓውንድ» አሉኝ። ይህስ?

ሰሜን ለንደን፦
ወንድሜ፣ ቀኑን ቁጠር። በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ያለ ምክንያትም ያለ ክፍያም ማቋረጥ ትችላለህ። ይህን መብት ሳይነግሩህ ካስፈረሙህ በ2013ቱ የሸማቾች ውል ደንብ መሠረት ጊዜው እስከ 12 ወር ሊራዘም ይችላል። ከ14 ቀን በኋላ ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ለተሠራው ሥራ ተመጣጣኝ የሆነውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የጠፍጣፋ 250 ዋጋ መልሱ አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ሠራ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ? የተላከው አንድ አብነት ደብዳቤ ከሆነ 250 ፓውንድን ማስረዳት ይቸግራቸዋል። ማቋረጡን በስልክ አታድርግ፤ በኢሜይል ላክ፣ ለአበዳሪውም «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ካምፓኒ አይወክለኝም፣ ደብዳቤና ክፍያ በቀጥታ ለእኔ» ብለህ ቅጂውን አድርስ። ይህ ካልተደረገ ካሳው በካምፓኒው ሒሳብ ሊገባ ይችላል፣ ያኔ ክፍያቸውን ቆርጠው ቀሪውን ነው የሚልኩልህ።

በአንድ ብድር ለሁለት ካምፓኒ የፈረማችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አንዱን አቋርጡ። ካሳው ሲመጣ ሁለቱም ኢንቮይስ ይልካሉ።

የሌስተሯ፦
ለዕዳ ሰብሳቢ እንሰጣለን የሚለውስ? ፍርድ ቤት ይሄዳሉ?

ወረቀት ሰብሳቢ፦
ዕዳ ሰብሳቢ ቤይሊፍ (የፍርድ አስፈጻሚ) አይደለም፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ዕቃ መውሰድም ደሞዝ ላይ እጁን መጫንም አይችልም። ቢደውል «ዕዳው በክርክር ላይ ነው» በዪና የቅሬታውን ቅጂ ላኪለት። ካርድሽን ሰጥተሻቸው ከሆነ ባንክሽ ያንን ፈቃድ እንዲሰርዝ ጠይቂ፤ ካምፓኒውን ማስፈቀድ አያስፈልግም።

ፍርድ ቤት ግን ይሄዳሉ። በእንግሊዝና ዌልስ መጀመሪያ «ሌተር ኦፍ ክሌም» ከመልስ መስጫ ፎርም ጋር ይመጣል፣ ለመመለስ 30 ቀን አለሽ። ከዚያ የካውንቲ ኮርት ክስ ከመጣ 14 ቀን ነው፤ ደርሶኛል የሚለውን ክፍል ሞልተሽ ከመለስሽ 28 ቀን ይሆናል። ዝምታ ለበግም አልበጃት። መልስ ያልሰጠ ሰው ጉዳዩ ሳይታይ ይፈረድበታል፣ ሲሲጄውም (የካውንቲ ኮርቱ ፍርድ) በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ 6 ዓመት ክሬዲት ፋይል ላይ ይቀመጣል። ቤት ለመከራየት፣ የስልክ ኮንትራት ለመያዝ፣ ሁሉም ቦታ ይከተላል። ብዙ ሰው የሚጠመድበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው፤ ቤት ሲቀይር አድራሻውን ለካምፓኒው አይነግርም፣ ክሱ አሮጌው ቤት ይሄዳል። በክርክር ላይ ያላችሁ ሰዎች ብትሸሿቸውም አድራሻችሁን አሳውቁ። ስኮትላንድ ያላችሁ የፍርድ ቤቱ ሥርዓትና ቀናቱ የተለዩ ናቸው፣ ሲቲዘንስ አድቫይስ ስኮትላንድን ጠይቁ።

ሒሳብ በልኩ፦
እኔ የማያከራክረውን 144 አሁን ክፈይ ባይ ነኝ። ቅን ልቦናሽን ያሳያል፣ ክርክሩንም ወደ 252 ያጠብባል።

ውል አንባቢ፦
እኔ አልስማማም፣ ቢያንስ ውሉን ሳታይ። ከፊል ክፍያ ዕዳውን እንደማመን ሊቆጠር ይችላል፣ የ6 ዓመቱን የይርጋ ጊዜም እንደ አዲስ ያስጀምራል። ለዛሬ ኢንቮይስ ይርጋው ሩቅ ነው ልትል ትችላለህ፣ እውነት ነው፤ ዋናው ግን ካምፓኒው «ከፍላለች፣ ስለዚህ ተስማምታለች» እንዳይል ነው። መክፈል ካስፈለገ ከገንዘቡ ጋር አንድ መስመር ይላክ፦ «ይህ የማልቃወመው ክፍል ብቻ ነው፤ በቀረው ላይ ቅሬታዬ እንደጸና ነው።»

ሒሳብ በልኩ፦
በዚህ መስመር ከሆነ እንስማማለን። ኦምቡድስማኑ ሙሉውን ክፈይ ቢልሽ ደግሞ ወዲያው የወር ክፍፍል ጠይቂ፤ ገቢና ወጪሽን በአንድ ገጽ አያይዘሽ። የዕዳ ምክር ሰጪው ናሽናል ዴትላይን የበጀት ቅጹን በነጻ ይሰጣል።

የሌስተሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሉን አሁን ከፈትኩት፤ «ካሳ» የሚለው ትርጉም 3ኛ ገጽ ላይ «በዕዳ የተቻቻለውን ጨምሮ» ይላል። ማጠቃለያው ገጽ ግን ኢሜይሌ ውስጥ የለም።

ውል አንባቢ፦
እንግዲያው የቅሬታሽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የማጠቃለያው ገጽ አለመድረስ ይሁን። ስፓሙንም ፈልጊ፣ አንዳንዴ እዚያ ይገኛል፤ ካለም የተላከበትን ሰዓት ከፊርማው ሰዓት ጋር አስተያዪ። ከፊርማው በኋላ የተላከ ማጠቃለያ ከፊርማ በፊት እንደተሰጠ አይቆጠርም። የፊርማ መዝገቡ ሊንኩ ስንት ሰዓት እንደተከፈተና ስንት ሰዓት እንደተፈረመ ስለሚያሳይ፣ መልሱ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ተመልከቺ።